ቁስለኛው ለብቻው የሰጠኝ ቃል

ደባርቅ የሄድሁት ሰዓት ልቆጥር ነው። የድንገተኛ ሕክምና ትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርሁ። ለመመረቂያ የያዝሁት ጥናት አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችው፤ ሰው ከተመታበት ሰዓት ጀምሮ እኛ አልጋ ላይ እስኪተኛ ስንት ሰዓት ያልፋል? ያ ሰዓትስ የት ይገባል? ጎንደር የትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲታሰብ ቀላል ነው። ፎርም አለ፣ የግድግዳ ሰዓት አለ፣ ቁስለኛ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል።

ሞልቷል ስል አላጋነንሁም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው በማጭድ የተቆረጠ ጆሮውን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይዞልኝ መጣ፤ መልሰሽ ስፊልኝ ነው የሚለው። በማግስቱ በሽመል መንጋጋው የደቀቀ፣ ጥርሶቹን በመዳፉ የያዘ ሙሽራ መጣ፤ የመታው የሙሽሪት አጎት ነው። ከዚያ ሆዱን ጥይት በስቶት አንጀቱን በሻሽ ጠምጥሞ የተቀመጠ ሽማግሌ። በወሰን የተጣሉ ሁለት ወገኖች በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ዕለት ደግሞ፣ የአንደኛውን ራስ ሰፍቼ ሳልጨርስ ሌላው ከአልጋው ወርዶ የግሉኮስ መስቀያውን ብረት ነቅሎ አናቱን ደገመው። የመጀመሪያው ስፌት ተተረተረ። ሦስተኛው ምት እኔን ቅንድቤ ላይ አገኘኝ። ነርሷ እኔን ስትሰፋ ሁለቱም ከየአልጋቸው «ይቅርታ ዶክተር» ይሉኝ ነበር።

ዳባት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ገበያው ዳር አቡጀዲ፣ ጨውና ማረሻ የሚሸጥ እስላም ነጋዴ ነው። ገበሬው ሲጣላም ሲታረቅም ሱቃችን በረንዳ ላይ ስለነበር፣ አገሩን አውቀዋለሁ ባይ ነበርሁ። ቁጡም ነኝ፤ እናቴ «ይቺ ልጅ በርበሬ በልታ ነው የተወለደች» ትለኝ ነበር። ያበሳጨኝ ግን ደሙ አልነበረም፣ ውሸቱ ነው። ምን ሆነህ ነው ሲሉት ሁሉም «ወድቄ» ይላል። የራስ ቅሉ በመጥረቢያ የተከፈለው ወድቆ ነው። ጀርባው ላይ ሦስት የጩቤ ቀዳዳ ያለውም ወድቆ ነው። በሰሜን ተራራ ገደል ላይ ያልተላከከ ወንጀል የለም። «ገደል መጥረቢያ ታጥቆ ይዞራል ወይ?» ብዬ እጮህባቸው ነበር፤ እነሱ ጣራ ያያሉ።

አማካሪዬ የላክሁለትን ፎርሞች አይቶ ደወለልኝ። «ግማሹ ሕዝብ ከገደል ወድቋል እኮ» አለኝ። «ይህ መረጃ አይደለም፣ ተረት ነው። እውነቱን አውጪ።»

እኔም ዘዴ ፈጠርሁ። ቁስለኛው ደሙ ቆሞ፣ ማስታገሻ ተወግቶ ትንሽ ሲረጋጋ፣ ዘመድ አዝማዱን በሙሉ አስወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ስምህ እዚህ ወረቀት ላይ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነህ፣ የነገርኸኝ ለፖሊስም ለዘመድም አይደርስም እለዋለሁ። ሠራልኝ። ሰዎቹ ለዓመታት የሚያዳምጣቸው ያጡ ይመስል ተናገሩ፤ ማን በምን መታቸው፣ ለምን፣ እነሱስ ቀድመው ምን አደረጉ። ኩራት ተሰማኝ።

የክፍሉ አንጋፋ ነርስ፣ የደባርቅ ተወላጅ የሆነች ትልቅ ሴት፣ አንድ ቀን ጓንት ስታወልቅ፣ «ዶክተር፣ ቁስለኛን ለብቻው አትጠይቂው» አለችኝ።

«ለምን?»

«በኛ አገር ቁስለኛ ማን መታህ ተብሎ የሚጠየቅ በዘመድና በሽማግሌ ፊት ነው። ያነዜ የተናገረው ቃሉ ይባላል። ቢሞት ዘመድ የሚሄደው በቃሉ ነው፤ እገሌ ነው ካለ እገሌን፣ የለም ካለ የለም። አንቺ ሰዉን አስወጥተሽ በሩን ስትዘጊ ቃሉን ወሰድሽ ማለት ነው። ቢሞትብሽ ተማን ይጠይቃሉ?»

«ሲስተር፣ ይህ ጥናት ነው፤ ሽምግልና አይደለም።»

«ደጅ ያለው ሰው ይህን በምን ያውቃል?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኙም ወረቀቱም ነበርሁ።

ያ ሰውዬ የመጣው በገበያ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከሊማሊሞ ሥር ካለ መንደር በቃሬዛ አቀበቱን አውጥተው፣ መንገድ ላይ ባገኙት አይሱዙ ጭነው አመጡት። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ገበሬ ነው። ሽታ እንዳይመታው አፍንጫው ውስጥ ጤና አዳም ወትፈውበታል፤ ራሱ ላይ የጠመጠሙት ጋቢ በደም ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ጠጥሯል። ጋቢውን በውኃ አርሼ ስፈታው ከግራ ጆሮው በላይ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በስንጥቁ በኩል ነጭ ነገር ታየኝ። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች የሉም። መጥረቢያውን በእጁ ሊመክት ሞክሯል ማለት ነው።

«ተገደል ወድቆ ነው» አሉ አባቱ። ከሲታ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከአልጋው ግርጌ ቆመዋል።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አምስት ሰዓት ቢሆን ነው።»

ጻፍሁ። አጠገባቸው የቁስለኛው ታላቅ ወንድም ቆሟል። ቃሬዛውን ከራስጌ በኩል ይዞ አቀበቱን ሁሉ ያለ ቅያሪ የወጣው እሱ ነው፤ ትከሻው ተልጦ ሸሚዙ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ለቀዶ ሕክምና ጎንደር ልላከው ብል፣ አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ወደዚያው ስለሄደ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ተባለ። የሰውየው የደም ግፊት እየወረደ ነው፣ ደም ያስፈልጋል ስል፣ ወንድሙ እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን ዘረጋልኝ። «የኔን ውሰጂ። ሁሉንም ውሰጂው» አለ። ላብራቶሪው መርምሮ ይሆናል አለን። ሲቀዳ ዓይኑን ከከረጢቱ ላይ አልነቀለም። እንዲህ ያለ ወንድም ይስጥህ አልሁ በሆዴ።

ደሙ መንጠብጠብ ሲጀምር ቁስለኛው ዓይኑን ገለጠ፤ ውኃ ጠየቀ። እኔም እንደ ልማዴ ሰዉን ሁሉ አስወጣሁ። ነርሷ አየችኝና እሷም ወጣች። በሩን ዘጋሁ።

«ማን ነው የመታህ?»

«ወድቄ ነው።»

«ገደል ጣት አይቆርጥም።»

ዓይኑን ወደ ተዘጋው በር አዞረ። «ላንቺ ብነግርሽ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ወላሂ።»

በደኅና እጁ ወደ ላይ፣ ወደተንጠለጠለው የደም ከረጢት ጠቆመኝ። «ደሙን የሰጠኝ ነው» አለ። «ታላቄ።»

እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ደሙ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«የማይረባ ነገር ነው» አለ። «በሬ ስንጠምድ ነው። ቀንበሩን አጣመምኸው አለኝ፣ ሰደብሁት። ሚስቱን አንስቼ ሰደብሁት። መጥረቢያው ተአጠገቡ ነበር።» ምላሱ መተሳሰር ጀመረ። «አባቴ እንዳይሰማ። ሁለት ልጅ ነው ያለው፣ አንዱ ይቅርለት። ሆድ ይፍጀው፣ እቴ።»

በፎርሙ ላይ «የቅርብ ዘመድ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። በሬ የሚጠመደው በማለዳ ነው፤ አባትየው ያሉኝ አምስት ሰዓት ነው። ራሱን የተመታ ሰው ሰዓት አያውቅም ብዬ የአባትየውን ተውሁት። ይህን ሁሉ የሠራሁት ሰውየው እየሞተ ነው፤ እጄ ይጽፍ ነበር።

ከዚያ አንቀጠቀጠው። አንዱ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ቀረ። በሩን ከፍቼ ነርሷን ጠራሁ፣ መድኃኒት ሰጠነው፣ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ አስገባሁ። ልቡ ሲቆም ደረቱ ላይ ወጥቼ ተጫንሁት፤ የጎድን አጥንቱ ከመዳፌ ሥር ሲሰበር ይሰማኛል፣ አላቆምሁም። በተጫንሁት ቁጥር ከራሱ ስንጥቅ ደም ይወጣል፤ የወንድሙ ደም በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ነርሷ ትከሻዬን እስክትይዘኝ ድረስ ተጫንሁት።

ስወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የመንደሩ ሰው በሌላ መኪና ደርሷል፤ ከአጥሩ ውጪ ክላሽ ያነገቱ አራት አምስት ወንዶች ቆመዋል። ማረፉን ነገርኋቸው። ልቅሶ አልነበረም። ሁሉም እኔን ያያሉ።

አባትየው ቀረቡኝ። «ልጄ ቃሉን ላንቺ ሰጥቷል» አሉ። «በሩ ተዘግቶ ነበር። ማን አለ?»

«ምን ትጠይቃታለህ?» አለ የሟች አጎት፣ ቁመቱ ረዥም፣ ዓይኑ የቀላ ሰው። «ቁስሉን ሁላችንም አይተናል፣ ገደል አይደለም። ጎረቤታችሁ ነው። ተእርሻው ወሰን ጠብ ወዲህ ሲዝት አልነበር?» ከኋላው አንድ ጎልማሳ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤቱ አለ? ተሚስቱ ጋር ነው?» ይላል። ስለ ጎረቤቱ ነው የሚጠይቀው።

ገባኝ። ዝም ብል ያ በቤቱ የተቀመጠ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ሳይመሽ ይሞታል። እውነቱን ብናገር ታላቅ ወንድም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሞታል፤ ሟችም የለመነኝ ከንቱ ይቀራል። ታላቅየው ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ክንዱ እጥፋት ላይ ጥጡ በፕላስተር እንደተለጠፈ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። እንዳወቅሁበት አወቀ። ጎረቤቱን ሲወነጅሉ ቃል አልተነፈሰም፤ ጠላሁት። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ጠልቼ አላውቅም፤ ያ የግሉኮስ ብረት እጄ ላይ ቢሆን እኔም አናቱን በሰነጠቅሁት ነበር።

«ወድቄ ነው አለ» አልሁ።

አጎትየው ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ገደል ጣት ይቆርጣል?»

እኔ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። «እኔ የነገረኝን ነው የምነግራችሁ» አልሁት። «ማንም አልመታኝም፣ ወድቄ ነው አለ።»

አባትየው ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው አዩኝ። «በእምነትሽ ማይልኝ» አሉ።

አባቴ በሚዛን አንድ ጊዜ እንኳ ወላሂ ብሎ ዋሽቶ አያውቅም። «ወላሂ» አልሁ፤ «ወድቄ ነው አለ።»

ታላቅየው በጉልበቱ ወድቆ ማልቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ሴቶቹም ጩኸታቸውን ለቀቁት። አባትየው ወደ ወንዶቹ ዞረው፣ «ሰማችሁ? ቃሉ ይህ ነው። መሣሪያችሁን ተዉና ሬሳ አንሡ» አሉ። ስልክ ይዞ የነበረው ጎልማሳ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቃሬዛውን ሲያነሡ ታላቅየው በተላጠ ትከሻው እንደገና ከራስጌ ገባ። ማንም አልከለከለውም።

ያን ፎርም ከጥናቱ አወጣሁት። እሑድ ዳባት ወርጄ ለአባቴ ነገርሁት። ጨው የሚሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠ። «የሰው ነፍስ ነው» አለኝ። «ቢሆንም ሦስት ቀን ጹሚ።» ጾምሁ። በሳምንቱ ደግሞ ከገበያተኛ የሰማውን ነገረኝ፤ ያ ጎረቤት በሕይወት አለ፣ ከቀብሩ ቀድሞ ደርሶ መቃብር ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። ደስ አለኝ። የዋሸሁት በከንቱ አይደለም ብዬ ሌሊቱን በሰላም ተኛሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ አባትየው ሆስፒታል መጡ። የኔ ጊዜ አልቆ ፎርሞቹን በካርቶን እያሰርሁ ነበር። ራሳቸውን ተላጭተዋል፣ ልብሳቸው የሐዘን ነው። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«እውነቱን እንዳልነገርሽኝ አውቃለሁ» አሉ። «ልወቅስሽ አይደለም የመጣሁ። ላመሰግንሽ ነው። ያን ቀን የኔን ቃል ማን ያምናል? አባት ነኝ፤ የቀረ ልጁን ተቂም ሊያተርፍ ነው ይሉኛል። መሣሪያ የያዘው ሁሉ ጎረቤቴን ሊያርድ ተነሥቶ ነበር። ያንቺን ግን ያምናሉ ብዬ ነው በሰው ፊት የጠየቅሁሽ።»

«ያውቁ ነበር?»

«መጥረቢያውን አጥቤ ጭድ ውስጥ የሸሸግሁት እኔ ነኝ።»

እንደ እርሻ ነገር በእርጋታ ነገሩኝ። ጩኸት ሰምተው ሲወጡ ትንሹ ወድቋል፣ ነፍሱን አያውቅም፤ ትልቁ መጥረቢያውን ታቅፎ ተቀምጧል። ወዲያው ኡኡ ብለው አገር ቢጠሩ፣ የመጣው ሰው ሁሉ ያን ያያል። ስለዚህ ቤተሰቡን ሰበሰቡ። የሁለቱን ልጆች ሚስቶች በመስቀል አስማሏቸው። ደሙን ከደጃፍ ጠረጉ። ከዚያ ቁስለኛውን በሰሌን ላይ አድርገው፣ ከትልቁ ልጅ ጋር ለሁለት ይዘው፣ ከእርሻው ማዶ ካለው ገደል ሥር ወስደው አጋደሙት፤ የወደቀ እንዲመስል። ራሱን ከድንጋይ ጋር ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው።

«ኡኡ ያልነው ተዚያ ወዲያ ነው» አሉ። «ጥላው አጥሮ ነበር፤ አምስት ሰዓት ቢሆን ነው።»

ሊነጋጋ ሲል በሬ ከተጠመደበት እስከ አምስት ሰዓት። ያን ሁሉ ወር በየፎርሙ የፈለግሁት ሰዓት ይህ ነበር። መንገዱ፣ አቀበቱ፣ አምቡላንሱ እያልሁ ስደምርና ስቀንስ ከርሜ፣ ሰው ደሙ እየፈሰሰ የሚተኛው የቤተሰቡ ወሬ አንድ እስኪሆን ነው። ስንቱ ወደቀ ያሉኝ ቁስለኛ እንዲህ ተጋድሞ ጠብቆ ይሆን? ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ናቸው፣ ልጅ የቀበሩ ናቸው፣ ያም ሆኖ ደሜ ፈላ።

«ስለኔ ያለው ነገር አለ?» አሉኝ።

«አባቴ እንዳይሰማ አለ። ሁለት ልጅ ነው ያለው፣ አንዱ ይቅርለት አለ።»

ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ፊታቸው አልተለወጠም። የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው አፋቸውን ያዙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልሂድ» አሉ። «በማለዳው፣ እንደተመታ ብናመጣው ይተርፍ ነበር?»

መልሱን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተማርሁት እሱን ነው። የገደለው ያን ያህል ሰዓት ደሙ ሲፈስ መቆየቱ ነው። አጥንቱ ገብቶ ነበር፣ ግን ከእሱ የባሰ ተመትተው በጊዜ ደርሰው ጎንደር የዳኑ አሉ። አይተርፍም ነበር፣ እግዜር የቀጠረው ቀን ነው ልላቸው እችል ነበር። አንድ ጊዜ ወላሂ ብዬ የዋሸሁ ሰው ይህ ምን ያቅተኛል? ግን የዚያ ሰው ራስ ከድንጋይ ጋር ሲስተካከል ታየኝ።

«ይተርፍ ነበር» አልኋቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «የሚያጽናናኝ ሁሉ አይተርፍም ነበር ነው የሚለኝ።»

ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ አነሣኋቸው። እንደ ገለባ ቀለው ነበር። እስከ በሩ ልሸኛቸው ስል በእጃቸው ተዪኝ አሉኝ። ከኋላቸው ሮጬ ተሳስቻለሁ፣ አይተርፍም ነበር ልላቸው ፈለግሁ፤ አልሮጥሁም። ከአጥሩ ውጪ ታላቁ ልጃቸው ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ወደ ግቢው አልተመለከተም። አባቱ ሲደርሱ ዱላውን ተቀበላቸው፣ ክንዳቸውን ደግፎ ያዘ፣ የሚመጣው መኪና እስኪያልፍ ጠብቆ አስፋልቱን አሻገራቸው።